ከንፈሬን የመጠጥኩበት ቀን

መጀመሪያ በጥፊ የመታኝ ሰው ፈገግ ብሎ ነበር። እኔም ሰው ፈገግ ሲልልኝ ፈገግ ማለት የለመድኩ ነኝና ፈገግ አልኩለት። ያን ጊዜ ነው የመታኝ። ፈገግታው ለካ ለእኔ አልነበረም፤ ከኋላዬ ለቆመው ጓደኛው ነበር። ከመተማ ማዶ፣ ሱዳን ድንበር ላይ፣ ፋሽጋ በሚባለው የእርሻ አገር ሰሊጥ እያጨድን ነበር። ማጭዴ ከእጄ ወደቀ፤ ላነሳው ጎንበስ ስል ሁለተኛው መጣ፣ በጠመንጃ ሰደፍ፣ ጀርባዬ ላይ። ታጣቂ የሚፈልግ ወታደር ፊት ብረት ለማንሳት ጎንበስ ማለት ምን እንደሚመስል የገባኝ መሬት ላይ ከተዘረርኩ በኋላ ነው።

ከጎንደር በላይ ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። በአንድ ስብሰባ ላይ መናገር የሌለብኝን ተናገርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ቤቴ ማደር አልቻልኩም። መተማን ተሻግሬ ሰሊጥ አጫጅ ሆንኩ። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባላል፤ እኔን ሁለቱንም አደረጉኝ። ለዚህ ሁሉ ያበቃኝ አፌ ነው እያልኩ ራሴን ስረግም ከርሜያለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ጥፋት ግን በቃል አላጠፋሁትም።

አሥራ አራታችንን በአንዲት ፒክአፕ ላይ በሆዳችን ደራርበው ጫኑን። እኔ ከታች ነበርኩ። በላዬ የተጋደመው ሰው አፍንጫው ተሰብሮ ደሙ በአንገቴ ላይ ይወርድ ነበር፤ ላብ መስሎኝ ስጠርገው ቆየሁ። ከድንበሩ ማዶ ላሉ ታጣቂዎች ትሰልላላችሁ ነው ያሉን። ከአሥራ አራታችን ከማጭድ በቀር ብረት የያዘ አንድም አልነበረም። ይህን ለማስረዳት አፉን የከፈተ ሁሉ በጫማ ጥርሱን ሲመታ፣ ሌሎቻችን ማስረዳቱን ተውነው።

ያስገቡን ገዳሪፍ ዳር ወዳለ አሮጌ የማሽላ መጋዘን ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ማሽላው ከተነሣ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም ብናኙ ከግድግዳው አልለቀቀም ነበር፤ እየሳልን ነው የገባነው። ነቀዝ በየስንጥቁ ይርመሰመሳል። በሩ አጠገብ ብረት የተሰካባት ጠባብ መስኮት ነበረች፤ በስተውጭ ዘበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ በእሷ ያየናል። ሁለት ዘበኞች ይፈራረቁ ነበር። አንዱ ወፍራም፣ ቁጡ ሰው ነው። ሌላው ቀጭን፣ ከድንበሩ መንደር የተወለደ፣ ከእኛ ሰዎች ጋር ገበያ ለገበያ ያደገ ነው መሰል፣ ና፣ ሂድ፣ ቁጭ በል የምትል አማርኛ ያውቃል።

የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ ማውራት ክልክል ነው። በመጀመሪያው ቀን ከጭልጋ የመጣ አንድ ጎረምሳ አጠገቡ ያለውን ሰው ውሃ በሹክሹክታ ጠየቀ። በእግሩ ጎትተው በሩ ላይ አወጡትና በጥቁር የውሃ ጎማ መቱት። ስንት ጊዜ እንደመቱት መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ አቆምኩ። ሲመልሱት ሽንቱ ሱሪው ላይ አምልጦት ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ ያገሬ ሰዎች። በዚያ መጋዘን ግን ከነቀዝ ጋር ዝም ብለን ተቀመጥን።

ዝም አልን እንጂ ማውራቱን አልተውንም። ቅንድብ ማንሳት እሺ ነው። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ አዎ ነው፤ ይህን ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ስለሆነ ማስተማር አላስፈለገም። ጉንጭን በምላስ መወጠር ምግብ መጣ ማለት ሆነ። ሁለት ጣት በጉልበት ላይ ማራመድ ዘበኛው ተነሥቶ ሄደ ማለት ሆነ። አስተማሪ ነበርኩና አዲስ ምልክት እየፈጠርኩ ለአጠገቤ ሰው አሳያለሁ፤ እሱ ለሚቀጥለው ያሳያል፤ ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ ሌላው ጥግ ሲደርስ አያለሁ። እንዲህ ባለ ቦታ ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው። ግን ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሽማግሌው የመጡት በሳምንቱ ነው። በሩ ተከፈተ፣ ወፍራሙ ዘበኛ ገፍትሮ አስገባቸው። ስድሳውን ያለፉ፣ ጢማቸው የነጣ፣ ማተባቸው ካንገታቸው ላይ ያለ፣ ጋቢያቸው በአቧራ የቀላ ቆለኛ ናቸው። ከእኛ መካከል የሚያውቃቸው አንድም ሰው አልነበረም። ኋላ እንደሰማነው ከሠላሳ ዓመት በላይ ለአጨዳ እየተሻገሩ የሚመለሱ ሰው ናቸው፤ መንገድ ላይ ብቻቸውን ሲሄዱ ነው የያዟቸው።

ሲገቡ አሥራ አራታችንም ብድግ አልን። ማንም አላዘዘንም። ሽበት ሲገባ መነሣት ሰውነታችን የሚያውቀው ነገር ነው፤ ያ ጀርባው የተተለተለው የጭልጋ ልጅ እንኳ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። ኖር ማለት አልቻልንም፤ ከንፈራችን ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሽማግሌው ዙሪያውን አዩን። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ወደ መሬት ዝቅ አደረጉ፣ ተቀመጡ ልጆቼ ለማለት። አሥራ አራታችን አንድ ላይ ተቀመጥን።

ወፍራሙ ዘበኛ በሩን ሳይዘጋ ቆሞ ቀረ። እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳየ አልገባኝም። አሁን በእሱ ዓይን ሆኜ ሳየው ይገባኛል። አንድ ሰው ገባ፣ አሥራ አራት ወንድ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሰውዬው በእጁ ምልክት ሰጠ፣ አሥራ አራቱ ተቀመጠ። ወታደር የሆነ ሰው ይህን ሌላ ምን ብሎ ይተረጉመዋል? ሮጦ ሲሄድ ሰማነው። ጥቂት ሳይቆይ ሦስት ሆነው መጡና ሽማግሌውን በጋቢያቸው ጎትተው ወሰዷቸው።

ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ በግድግዳው በኩል ሰማናቸው። መጀመሪያ እግዜርን ይጠሩ ነበር። ኋላ ቃል የሌለው ድምፅ ሆነ። እጃችን ጆሯችን ላይ እንዳይሄድ እንኳ እንፈራ ነበር፤ ዘበኛው ካየ የምናውቃቸው ሰው ናቸው ማለት ነው። ጉልበታችንን አቅፈን ወለሉን እያየን ተቀመጥን።

በሦስተኛው ቀን እኔን ጠሩኝ። መርማሪው ከሩቅ፣ ከሰሜን ሱዳን የመጣ፣ ረጋ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሻይ በብርጭቆ ነበር፤ ለእኔም አስቀዳልኝ። ይህ ከጥፊው ይበልጥ አስፈራኝ። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ ዓይናቸው ተደፍኗል። መርማሪው ቀስ ብሎ፣ የእርሻ ዓረብኛዬ እንዲከተለው አድርጎ፣ በጣቱ ወደሳቸው እያመለከተ ጠየቀኝ።

«ዳ ጋኢድኩም?»

ይህ አለቃችሁ ነው ወይ ማለቱ ነው። ገብቶኛል። መልሱም አፌ ላይ ነበር፤ ላ፣ አይደለም። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ዓይኔ የሽማግሌው ቀኝ እጅ ላይ ወደቀ። ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል። ሁለቱ ወደማይታጠፉበት ወገን ታጥፈዋል። ተቀመጡ ልጆቼ ያለችን እጅ ናት። ላ ከማለቴ በፊት ከንፈሬን መጠጥኩ።

ለቅሶ ቤት እንደምንመጠው፣ ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ እንደምንመጠው፣ አንዲት ጊዜ፣ ጭ። አስቤ ያደረግኩት ነገር አይደለም። መርማሪው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠና «ኸላስ» አለ፣ በቃ። ብዕሩን አነሣ። «ላ፣ ላ» አልኩ ያን ጊዜ፤ ላ፣ አለቃችን አይደለም፣ አናውቀውም። ፈገግ አለና መጻፉን ቀጠለ። ምን እንደጻፈ አልገባኝም።

ወደ በሩ ሲወስዱኝ አንደኛው ወታደር ሽማግሌውን ጎናቸው ላይ በጫማ ረገጣቸው። የጎድን አጥንት ሲሰበር ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው የሚሰማው። ሽማግሌው አልጮኹም። በዚያች አንዲት ዓይናቸው አዩኝና ጨፍነው ገለጡልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ማለታቸው ነው። ያዘንኩላቸውን አይተዋል፤ እያመሰገኑኝ ነበር።

ከእኛ መካከል አንድ የትራክተር ሾፌር ነበር። ስደተኛ ወላጆቹ እዚያው ገዳሪፍ የወለዱት፣ አማርኛውን ከእናቱ፣ ዓረብኛውን ከሰፈሩ የተማረ፣ ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ነው። ዓረብኛው እንደ እነሱ ስለሆነ ውሃ የሚያመላልሰው እሱ ነበር፤ ዘበኞቹም እሱ ፊት እንደ ልባቸው ያወራሉ። ያን ቀን ውሃ ሲያድለን እኔ ዘንድ ሲደርስ ጀሪካኑን አፉ ፊት ከፍ አደረገ።

«ምን አልካቸው?» አለኝ ከጀሪካኑ ጀርባ።

ላ ነው ያልኩት አልኩት።

«ወላሂ፣ አዎ ብሏል እያሉ ነው። ያ አስተማሪው አለቃችን ነው ብሎ አመነ ነው የሚሉት።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ከንፈሬ ትዝ አለኝ። ያደረግኩትን ደግሜ፣ በጣም ቀስ ብዬ፣ አሳየሁት። ሾፌሩ አፌን በመዳፉ ከደነው።

«እዚህ አገር እኮ ይቺ አይዋ ናት፣ አዎ ናት» አለኝ። «እናቴ ለቅሶ ቤት ስትመጥ ጎረቤቶቻችን፣ ሴትዮዋ ምኑን ነው አዎ አዎ የምትለው ይሉ ነበር። አንተ አታውቅም ነበር?»

አላውቅም ነበር። ስንት ወር ከእነሱ ጋር ሠርቼ፣ ገበያ ወጥቼ፣ ሲያደርጉት ሰምቼ፣ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም። የሰው ምልክት ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ የማስተላልፍ አስተማሪ ነኝ ስል የነበርኩት ሰውዬ የሰፈሩን አዎ አላውቅም። ንገርልኝ አልኩት፤ ሂድና ማዘኔ ነው በልልኝ። ሾፌሩ የላይኛውን ከንፈሩን በጣቱ ነካ። ያኔ ነው የተሰነጠቀ መሆኑን ያየሁት። አለቃችን አይደሉም ብሎ ነግሯቸው ነበር። ወፍራሙ ዘበኛ ለሰላይ ጥብቅና ትቆማለህ ብሎ በባዶ ጀሪካን ፊቱን መታው።

ሌላም ነገር ሰምቶ ነበር። ነገ ጠዋት ሽማግሌውን መልሰው ወደ እኛ ያስገቧቸዋል። መርማሪው ራሱ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ብድግ ካልን ነገሩ አለቀ፤ እኩለ ቀን ላይ በሚሄደው የጭነት መኪና ይወስዷቸዋል። ስለዚያ መኪና እናውቅ ነበር። ከጎናችን ካለው መጋዘን በፊተኛው ሳምንት ስድስት ሰዎች ጭኖ ሄዷል። በማግስቱ ዘበኞቹ የስድስቱን ሰዎች ጫማ በሩ ላይ ሲከፋፈሉ አይተናል።

ስለዚህ ለአሥራ ሦስት ሰው፣ ያለ ቃል፣ ነገ ሽማግሌው ሲገቡ እንዳትነሡ ማለት ነበረብኝ። ጢሜን ከአገጬ ወደ ደረቴ ሳብኩ፤ ይህ ሽማግሌው ናቸው። ጣቴን ወደ በሩ አደረግኩ፤ ይገባሉ። ከዚያ ጭብጤን ሲሚንቶው ላይ አጥብቄ ጫንኩ። አጠገቤ ያለው ሰው አየኝ፣ ግንባሩን ቋጠረ። ደገምኩት። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበና ለሚቀጥለው አሳየ። ቀስ እያለ ዞረ። ጢም፣ በር፣ ጭብጥ። ጢም፣ በር፣ ጭብጥ።

የጭልጋው ልጅ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ደግመው አሳዩት፤ ደግሞ ነቀነቀ። እኔን በርቀት አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ለሽማግሌ አልቀመጥም ነው የሚለኝ። ጀርባውን እንደዚያ ሲተለትሉት ያልለቀቀውን ነገር እኔ ተቀምጬ ልቀቅ እያልኩት ነው። እልኸኛ ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ እሱን መሆን ተመኘሁ። ለምን እንደሆነ በምልክት ልነግረው አልቻልኩም። መኪና የሚለውን ለመንገር መሪ ብይዝ ዘበኛው ያየኛል። ነገሩ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ሽማግሌውን ሁለት ወታደሮች ደግፈው አመጧቸው። መርማሪው ከኋላ ቆመ። የእሱ ዓይን እሳቸው ላይ አልነበረም፣ እኛ ላይ ነበር። ወታደሮቹ ለቀቋቸው። ሽማግሌው ተንገዳገዱና በእግራቸው ቆሙ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ዙሪያውን አዩን።

ማንም አልተነሣም። በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ አስቀያሚው ነገር እሱ ነው፤ የታሰርነው አይደለም፣ የተደበደብነው አይደለም። አሥራ አራት ያገር ልጅ ደም የለበሰ ሽማግሌ ፊት ተዘርፍጦ። ፊታቸው ላይ ግራ መጋባት አየሁ፤ ከዚያ ኀፍረት፤ የገዛ ልጃቸው የካዳቸው ሰው ፊት። በዚያች መካከል የጭልጋው ልጅ መዳፉን መሬት ላይ ተክሎ ሊነሣ ሲል ሾፌሩ፣ ልጁ ሱሪው ከተበላሸ ወዲህ ባገለደመው ጋቢ ጫፍ ላይ በመቀመጫው ተፈናጠጠበት። ልጁ ሳብ አደረገ፣ አልወጣም፤ ራቁቱን ካልቆመ በቀር መነሣት አይችልም። በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር።

መርማሪው ጥቂት ጠበቀ። ያየው ነገር ከጻፈው ጋር አልገጠመለትም። በጣቱ ጠራኝ። ተነሥቼ ሄድኩ። አለቃህ ካልሆነ ምታው አለኝ። በቃል ብቻ አልነበረም፤ መዳፉን ከፍቶ በአየር ላይ አሳየኝ። ወታደር አለቃውን አይመታም ብሎ ነው ያሰበው። እኔ ወታደር አይደለሁም፤ ግን አባቴ የሚሆን ሰው መትቼ አላውቅም፤ ተማሪ እንኳ መትቼ አላውቅም።

ሽማግሌውን አየኋቸው። ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነን፤ ደም ደም ይሸታሉ። የሆነውን ነገር ሁሉ ያወቁ አይመስለኝም፤ ግን መርማሪውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ የተቀመጡትን አዩ፤ አንድ ነገር ገባቸው። ጤነኛ ዓይናቸውን ጨፈኑና ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ፣ ለእኔ ብቻ በምትሰማ።

መታኋቸው። መርማሪው አመልካች ጣቱን ወዘወዘ፤ እንዲህ አይደለም፤ በኃይል። የእኔን ጥፊ ትክክለኛነት የሚያርም ሰው አገኘሁ። እንደገና አነሣሁ። ሁለተኛው ጥፊዬ ውስጥ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለእሳቸው ስል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቁጣም ነበረበት፤ ከተያዝን ጀምሮ የተጠራቀመ፣ መርማሪው ላይ መውረድ የነበረበት፣ እሳቸው ላይ ያረፈ ቁጣ። ሽማግሌው በአንድ ጎናቸው ወደቁ። ከግራ ጆሯቸው ቀጭን ደም መጣ። መርማሪው እጄን አላየም፤ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት ነበር የሚያየው። አሥራ ሦስቱም መሬት መሬት እያዩ ነበር። እኛ አገር የሚያፍር ሰው መሬት ያያል። እሱ ግን ግድ የሌላቸው መሰሉት።

«ኸላስ» አለ ደግሞ። ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አንድ መስመር ሰረዘበትና ሄደ። እኩለ ቀን ላይ የመኪናው ሞተር ሲነሣ ሰማን። ከሌላው መጋዘን ሰዎች ጭኖ ሄደ። ሽማግሌው እኛ ዘንድ ቀሩ።

መኪናው እንደራቀ ጥግ ላይ የወደቀ ግማሽ ብሎኬት አነሣሁ። የበሩ ማስደገፊያ የነበረ ነው። ማጅራቴ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩትና ሽማግሌው ፊት ተንበረከክሁ። ያገሬ ሰው ይህን ለማንበብ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የበደለ ድንጋይ ይሸከማል፤ የተበደለ ሰው ይቅር ካለ በእጁ ያወርድለታል፤ ካላለ ተሸክሞ ይቆያል።

ሽማግሌው ሊያወርዱልኝ እጃቸውን ሰደዱ። ጣቶቹ ግን መያዝ አይችሉም። ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ሁለተኛው ላይ ከጥርሳቸው መካከል ድምፅ ወጣ። ሰዎቹ ሊያግዟቸው ተነሡ፤ በዓይናቸው ከለከሏቸው፤ የተበደለው ራሱ ነው የሚያወርደው። ቀና ስል መስኮቷ ላይ ቀጭኑን ዘበኛ አየሁት። ሽማግሌ የተቀመጠበት፣ አንድ ጎልማሳ ብሎኬት ተሸክሞ የተንበረከከበት፣ የቀረው ሁሉ የቆመበት ክፍል። ወፍራሙ ቢሆን ኖሮ አለቃ ወታደሩን ሲቀጣ አየሁ ብሎ ሮጦ መርማሪውን ይጠራው ነበር። ቀጭኑ ግን ድንበር ላይ ያደገ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳያይ አልቀረም። ወንበሩን አዞረና ጀርባውን ሰጠን። ለሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት።

ሽማግሌው በሁለቱ የእጅ አንጓዎቻቸው ብሎኬቱን ገፉት። ትከሻዬን ልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ይቅር ለእግዜር» አሉኝ በሹክሹክታ። «ተነሥ ልጄ።»

ብሎኬቱን የተሸከምኩት ለሁለት በደል ነበር። እሳቸው ያወረዱልኝ አንዱን ነው፤ ሌላውን አያውቁትም። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና፣ ማውራት ክልክል ነው አልኩ ለራሴ። ሕጉን የወደድኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ከአንድ ወር ለሚበልጥ ጊዜ አቆዩን። አንድ ቀን በፒክአፕ ጭነው ከድንበሩ ማዶ አራገፉን። ለምን እንደያዙን እንዳልነገሩን ሁሉ ለምን እንደለቀቁንም አልነገሩንም። እኔ የስብሰባው ነገር ሲረሳ ጎንደር ተመልሼ አሁን በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ልጆቹ መልስ ሲሰጡ ራሳቸውን ቢነቀንቁ ወይም ቅንድባቸውን ቢያነሡ አልቀበልም፤ በቃል ተናገር እላለሁ። ኃይለኛ መምህር ነው ይሉኛል። ለቅሶ ቤት ስሄድ ከንፈሬን አልመጥም፤ አዝናለሁ ብዬ እናገራለሁ፤ ሰዎች ፈረንጅ ሆነ ብለው ይሳለቁብኛል።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ አጨዳ ሲያልቅ፣ ሽማግሌውን ልጠይቅ ወደ ቆላ እወርዳለሁ። የቀኝ እጃቸው አልተቃናም፤ ጉርሻ በግራ ነው የሚሰጡኝ። ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን አዙረው ቀኝ ጆሯቸውን ይሰጣሉ። እርጅና ነው ይላሉ ልጆቻቸው። እሳቸውም እርጅና ነው ይላሉ፣ እኔ ባለሁበት። ልጆቻቸው እንግዳ ነው ብለው በቀኝ በኩላቸው መደብ ያነጥፉልኛል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ በግራ በኩላቸው እቀመጣለሁ። በዚያ በኩል የሚነገራቸውን አይሰሙም። እዚያ ሆኜ ነው ሁሉን የምነግራቸው፤ ከንፈሬን እንደመጠጥኩ፣ አዎ ያልኩት እኔ እንደነበርኩ፣ ጎናቸው የተሰበረው በእኔ እንደሆነ፣ ሲያመሰግኑኝ ዝም እንዳልኩ። በየዓመቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናገረዋለሁ፤ እሳቸው ወደ ከብቶቹ እያዩ ይቀመጣሉ።

ዘንድሮም ተናግሬ ጨረስኩ። አንገታቸውን አላዞሩም፤ ምን አልክ አላሉኝም። ያቺን ያልተቃናች እጃቸውን ብቻ አንሥተው ጉልበቴ ላይ አኖሯት፤ ከብቶቹ በረት ገብተው እስኪዘጋባቸው ድረስ አላነሷትም።